ድልድዩን ያልተሻገሩት

ዳኛ ማህዳድ ሌሎቹን ሁሉ ደጅ አስቀርቶ፣ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ የሟቹን ጭብጥ ጣት በጣት ፈታ። የመርቭ ከተማ የጦር አበጋዝ ሺርዛድ አልጋው ሥር እንደተንበረከከ ደርቋል፤ ከንፈሩ ጠቁሮ አብጧል። በአገሩ ወግ ሬሳውን አይቶ መሞቱን እንዲያረጋግጥ የመጣው ውሻ ደጃፉ ላይ ቆሞ አልገባም ብሏል።

ከጭብጡ የወጣው ስም የተቀረጸበት ፍላጻ ነበር። ዳኛው ደግሞ ደጋግሞ አነበበው። ሚህራክ ይላል፤ የገዛ ልጁ ስም ነው። ጠቅልሎ በእጅጌው ሸሸገው።

ከሦስት ዓመት በፊት ሠራዊቱ ሲዘምት እያንዳንዱ ወታደር ስሙን የቀረጸበትን ፍላጻ ቅርጫት ውስጥ ጥሎ ሄደ። ሲመለስ የራሱን አነሳ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ፍላጻ የሚያነሳው ጠፍቶ በቅርጫቱ ውስጥ ታሽጎ ቀረ፤ የሙርጋብ ወንዝ ድልድይ ሰዎቹ ሳይሻገሩ ተቆርጦ ነበርና። ሚህራክም ከነዚያ አንዱ ነው። አገሩ ሁሉ ያስቆረጠው አበጋዙ ነው ይላል፤ ማህዳድም እሱን ሲረግም ኖሯል።

«ከአርባ ቀን ወዲህ» አለች ዳኛውን ያስጠራችው የሟቹ ሚስት ዴናግ፣ «በየማለዳው ደጃፉ ላይ አንድ ፍላጻ ያገኝ ነበር። የሞተ ወታደር ስም አለበት። ፍላጻውን ስሞ ይቅርታ ይለምናል፤ ቤተሰቡ ሁሉ ያየዋል።»

«ማን ያመጣዋል ይል ነበር?»

«ራሳቸው ሙታኑ። በመጨረሻ እኔም ኮቴያቸውን መስማት ጀምሬ ነበር፣ ጌታዬ።»

«ሌላስ ምን ይል ነበር?»

«ለአዲስ ዓመት ንጉሡ ፊት ቀርቤ ድልድዩን የቆረጠውን እናገራለሁ ብሎ ምሏል። ስሙን ግን አልነገረኝም።»

ዳኛው የሠራዊቱን ጸሐፊ ሽማግሌውን ጎዳርዝን ጠራ። «የሙታኑ ስም ዝርዝር በማን እጅ ነው?»

«በእኔ። የሚያስሩኝ ከሆነ ቶሎ ይበሉ፣ ጉልበቴ ብዙ አያቆመኝም።» የያዘው ጽዋ በእጁ ላይ እየተንቀጠቀጠ ይፈስ ነበር።

«ሌላ ያየው አለ?»

«እመቤቲቱም፣ የአበጋዙ ምክትል ቦርዛንም አይተውታል።»

ቦርዛን ዓይኑ ቀልቶ ገባ። «አባት፣ በዚህ ሁሉ ላይ የልጅዎ የሚህራክ ፍላጻ መሆኑ አንጀቴን በልቶታል። ሙታን ሲመጡ አያዝኑም።»

«ስላዘንክልኝ ደግ አደረግህ» አለ ማህዳድ ቀስ ብሎ።

እኩለ ቀን ላይ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበ።

«ቅርጫቱን አየሁ። ማኅተሙ አልተነካም። አስከፍቼ አስቆጠርኩ፤ ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱም አሉ፣ የልጄም አለ። ስለዚህ አበጋዙ የጨበጠው አዲስ ነው፤ እንጨቱ ገና እርጥብ ነው፣ መርዝም ተቀብቷል። አበጋዙ እንደሚስመው ገዳዩ ያውቃል።»

«ይህንንማ ሁላችንም እናውቃለን» አለ ጎዳርዝ።

«አዎ። ግን ፊደሉ ጥርት ብሎ ተቀርጿል፤ በእርስዎ እጅ አይሆንም። እመቤቲቱም ገድለውት ቢሆን፣ ሰው ሁሉ ሙታን ወሰዱት ሲል ዝም ይሉ ነበር እንጂ እኔን አያስጠሩም።» ወደ ቦርዛን ዞረ። «ይህን ፍላጻ ያወጣሁት ብቻዬን ነው። ለማንም አላሳየሁም። የልጄ ስም እንዳለበት ማን ነገረህ?»

ቦርዛን ወደ በሩ አፈገፈገ።

«በፊት አበጋዙ አብዷል እንዲባል ፈለግህ፤ ያበደ ሰው ንጉሥ ፊት ቢናገር ማን ያምነዋል። እሱ ግን ልናገር አለ። ስለዚህ ገደልከው። ድልድዩን የቆረጥከው አንተ ነህ።»

ቦርዛን ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «ከማዶ አቧራ አየሁ። ጠላት መሰለኝ፣ ፈራሁ። የከብት መንጋ ነበር።»

«ልጄን አየኸው?»

«ድልድዩ መሐል ነበር። የተሳሳትኩ መስሎት እጁን እያውለበለበ፣ ‹ገና ነን ጌታዬ፣ ትንሽ ይጠብቁን› አለኝ።»

ወታደሮቹ ይዘውት ወጡ፤ አዳራሹ ባዶ ሆነ። ማህዳድ ብቻውን ተቀምጦ ቀረ። ዴናግ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ባልዎን ሦስት ዓመት ረግሜዋለሁ፣ እመቤቴ።»

«ያውቅ ነበር» አለች። «የቆረጠውን እያወቅኩ ዝም ብያለሁና እርግማኑ ይገባኛል ይል ነበር።»