ከዜሮ በታች የቆመው ሚዛን

የጽዳት ሠራተኛዋ እንደ ሁልጊዜው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የጂሙን በር ከፈተች። መብራቱን አበራች። ማታ የትም ተጥሎ ያደረውን ብረት እያጉረመረመች ወደ ቦታው መለሰች፤ መስታወቶቹን በጋዜጣ ወለወለች። ወለሉን ልታጥብ በረኪናዋን ስታነሳ ጠርሙሱ ቀለላት። ትናንት ነበር የከፈተችው። «ይህን ደግሞ ማን ጠጣው?» ብላ ብቻዋን ሳቀችና ባልዲዋን ይዛ ወደ ኋለኛው ክፍል ገባች።

ሁሉም «ተራራው» የሚሉት የጂሙ ባለቤት ወንበሩ ላይ ጋደም ብሎ ነበር። ግራ ክንዱ ላይ መርፌ ተሰክቷል። ከንፈሩ ወረቀት መስሏል። ባልዲው ከእጇ ወደቀ።

መርማሪዋ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰች። ብዙ የማትናገር፣ ፀጉሯ ከግንባሯ ላይ ሸበት ያለ ሴት ናት። መጀመሪያ ሬሳውን ሳይሆን ከወንበሩ ሥር ያለውን በርጩማ ተመለከተች። በርጩማው ላይ ሶኬት ውስጥ የተሰካ የኩሽና ሚዛን አለ፤ በላዩ ጥቁር ጨርቅ ተጥሎበታል። ጨርቁን በብዕሯ ጫፍ ገለጥ አደረገችው። በደም የተሞላ አንድ ከረጢት ነበር። የሚዛኑ ቁጥር ግን ከዜሮ በታች አምስት መቶ ሃምሳ ይላል።

«ተበላሽቷል» አለ አብሯት የመጣው ፖሊስ።

«ይሆናል» አለችና ቁጥሩን ጻፈች። ከሟቹ ቱታ ኪስ የላቦራቶሪ ወረቀት አገኘች። የደም ውፍረት፣ ሃምሳ ስምንት። የወረቀቱ የላይኛው ጠርዝ ተቀዷል።

ፖሊሱ አንዲት ነርስ ጥግ ላይ አስቀምጦ ይጠብቃት ነበር። የሟቹ ሚስት ታናሽ እህት ናት። ሚስቲቱ ራሷ፣ የሒሳብ አስተማሪዋ፣ ጀርባዋን ለእህቷ ሰጥታ ተቀምጣለች።

«ደሙን የምትቀጅለት አንቺ ነሽ?» አለች መርማሪዋ ነርሷን።

«በየሁለት ወሩ። ጡንቻ ለማሳደግ የሚወጉት ሆርሞን ደም ያወፍራል። ሲወፍር ይረጋል፣ ልብ ይደክማል። አንድ ከረጢት ሲቀነስ ይቀልላቸዋል። ተው ብዬዋለሁ። አልተው ሲለኝ፣ ሌላ ሰው ከሚወጋው እኔ ብሆን ይሻላል አልኩ።»

«ትናንትስ?»

«ከሰዓት ደወለልኝ። ‹ጋሼ፣ ባለፈው ሳምንት ውጤትህ አርባ ስድስት ነው፣ ምንም አያስፈልግህም› አልኩት። ደግሞ ለሰውነት ማጎልመሻ ውድድሩ ሰውነቱ እንዲደርቅ ብሎ ውሃ ካቆመ ሁለት ቀኑ ነበር። ውሃ ያቆመ ሰው ደሙ አይነካም። አዲስ ወረቀት አለኝ ብሎ ተቆጣኝ። እኔም ስልኩን ዘጋሁበት።» እጆቿን አየች። «ዘጋሁበት።»

«ከእሷ ሌላ መርፌ የሚያውቅ ማን አለ?» አለች ሚስቲቱ ሳትዞር። «እኔ ነኝ ያመጣኋት። እኔ ነኝ እህቴ ናት፣ እመናት ያልኩት።»

«እትዬ...»

«አትጥሪኝ።»

አሰልጣኙ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። መርማሪዋ እርሳቸውም ሆርሞን ይወስዱ እንደሆነ ስትጠይቃቸው ሊስቁ ከጀሉና ተዉት። «እኔን አያዩኝም እንዴ? ነፋስ ሲነሳ ብረት ይዤ ነው የምቆመው። ውድድሩ አራት ቀን ቀርቶት፣ ሃያ ዓመት የለፋሁበትን ሰው ልግደል?»

«የተጣላው ሰው አለ?»

ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እዚህ ስፖርት የሚሠራ አንድ ባለታክሲ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ደሙ ጭንቅላቱ ውስጥ ረግቶ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ አለው። ተራራው ሆስፒታል ሄዶ አየው። ሲመለስ ሌላ ሰው ሆነ። ‹የሚወጋውን መድኃኒት ማን እንደሸጠለት ነገ ሄጄ ለፖሊስ እናገራለሁ› አለ። ትናንት፣ ሁላችንም ባለንበት።»

«ማን ነው የሸጠለት?»

«እኔ የማየው ብረት ብቻ ነው» አሉና ጫማቸውን ተመለከቱ።

መጨረሻ የተጠየቀው የሟቹ የልምምድ አጋር ነበር። ሟቹ «ጓዴ» ይለው ስለነበር ጂሙ በሙሉ ጓዴ ነው የሚለው። ፊቱ እንደ ፍም ቀልቷል፤ መብራቱን ሽሽት ዓይኑን ጨፍኖ ጆሮውን ያሻል።

«ያምዎታል?»

«ራሴን ነው። ጆሮዬም መጮህ ከጀመረ ሰንብቷል። ለቅሶው ደግሞ ጨመረበት።»

«ብዙ ዓመት አብራችሁ ሠራችሁ?»

«አሥራ አንድ ዓመት። እሱ ተንጋሎ ብረት ሲያነሳ ከራስጌው ቆሜ የምጠብቅለት እኔ ነኝ። ክንዱ ሲዝል ‹አንዲት ብቻ ቀረች!› እለዋለሁ፤ ያነሳታል። ብረቱ አንገቱ ላይ እንደማይወድቅ ያውቃላ።» እንባው መጣ። «ግትር ነበር። ነርሷ እምቢ ስትለው ብቻውን ሊቀዳ ሞክሮ ነው።»

መርማሪዋ ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር ስለ በረኪናው ተነጋገረች፤ ላቦራቶሪው ጋ ደወለች። ከዚያ ሁሉንም በመስታወት የተከበበው አዳራሽ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሚዛኑን ሚስቲቱ ፊት አስቀመጠችው።

«ያውቁታል?»

«የኩሽናችን ነው። ጠዋት እንቁላሉን ይመዝንበታል። ደም የሚቀዳ ቀን ይዞት ይመጣል።»

«ጨርቁስ?»

ሚስቲቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ያለች መሰለች። «ሁለት መቶ ኪሎ የሚያነሳ ሰው ደም ማየት አይችልም። ከረጢቱ ይሸፈንና ቁጥሩን ብቻ ያያል። አምስት መቶ ሃምሳ ሲደርስ በቃ ይላል።»

«እንግዲያው እርስዎ ያስረዱን። ሙሉ ከረጢት ተቀምጦበት እንዴት ከዜሮ በታች ያሳያል?»

አስተማሪዋ መርማሪዋ ጽፋ ያሳየቻትን ቁጥር አየችው። መልሱ ከአፏ ሲወጣ ፊቷ ተለወጠ። «ዕቃ እንደተቀመጠበት ዜሮ ተጭነውታል። በኋላ ዕቃው ሲነሳ የጎደለውን ያሳያል። ላዩ ላይ ያለው ሙሉ ከረጢት አምስት መቶ ሃምሳ ነው፤ የሚያሳየው ደግሞ ከዜሮ በታች አምስት መቶ ሃምሳ። ስለዚህ ተነሥቶ የሄደው... አንድ ሺህ አንድ መቶ። ሁለት ከረጢት።»

«ሁለት ከረጢት» አለች መርማሪዋ። «የተቀዳው ሦስት ነው። ከረጢቱ ሊሞላ ሲል አንድ ሰው የሞላውን ከጨርቁ ሥር እዚያው ሚዛኑ ላይ ትቶ፣ ዜሮውን እየተጫነ ሌላ ከረጢት ቀጠለ። ሟቹ ቀና ብሎ ሲያይ ቁጥሩ ትንሽ ነው። ውሃ ላቆመ ሰው ሦስት ከረጢት ሞት ነው። ሁለቱ ከረጢቶች ተደፉ፤ ቦታው በግማሽ ጠርሙስ በረኪና ታጠበ። ብቻውን የነበረ ሰው ይህን አያደርግም።»

ፖሊሱ ነርሷን አየ።

«እሷ አይደለችም። እሷ ደምህ ወፍሯል ብትለው ያምናት ነበር፤ ወረቀት አያስፈልጋትም። ወረቀት ያስፈለገው ቃሉ ብቻውን የማይበቃ ሰው ነው። እዚህ የሚመረመሩት በስም ሳይሆን በቁጥር ነው። ቁጥሩ ያለበት ጠርዝ የተቀደደው ወረቀቱ የሌላ ሰው ስለሆነ ነው። ላቦራቶሪው በዚህ ሳምንት በሟቹ ቁጥር የተመረመረ ደም የለም ብሎኛል። ስለዚህ ሃምሳ ስምንት የማን ነው? አሰልጣኙ ሆርሞን አይወጉም። ፊቱ የቀላ፣ ራሱን የሚያመው፣ ጆሮው የሚጮህበት፣ ብርሃን የሚያስጠላው አንድ ሰው ግን እዚህ አለ።»

ማንም ስም አልጠራም። መስታወቶቹ ግን የጓዴን ቀይ ፊት ከአራቱም አቅጣጫ ያሳዩ ነበር።

«ደምዎን ያስለኩልናል?» አለች መርማሪዋ።

ጓዴ መሬቱ ላይ ተቀመጠ። «ሊናገርብኝ ነበር» አለ። «መድኃኒቱን የሸጥኩት እኔ ነኝ። ለመንኩት። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ቆይተን ለአንድ ባለታክሲ ብሎ! የራሴን ወረቀት ሰጠሁት። መርፌውን ነርሷ ስትሰካ እያየሁ ተምሬያለሁ። ‹ደምህ ወፍሮ አልወርድ ብሏል፣ ታገስ› አልኩት።»

ሚስቲቱ ተነሥታ ፊቱ ቆመች። «መጨረሻ ላይ ምን አለህ?»

ጓዴ ፊቱን ወደ መስታወቱ አዞረ።

«ምን አለህ?»

«‹ደክሞኛል፣ አልበቃም?› አለኝ።»

«አንተስ?»

«‹አንዲት ብቻ ቀረች› አልኩት።»

ፖሊሱ እጁን ያዘው። ወደ በሩ ሲደርሱ ነርሷ ተነሣች። «ሃምሳ ስምንት ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ዛሬውኑ ካልተቀነሰለት ይረጋበታል።»

ሚስቲቱ እህቷን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ይቅር በይኝ አላለችም። እጇን ብቻ በእህቷ ጭን ላይ አሳረፈች።

ከቀብሩ በኋላ ሁለቱ እህትማማቾች አብረው ወደ ቤት ተመለሱ። ሚዛኑ ማስረጃ ስለሆነ ፖሊስ ጣቢያ ቀርቷል። ጠዋት ታናሽየዋ እንቁላል ቀቀለች፤ ስንት እንደምትቀቅል ግን አልጠየቀችም። የኩሽናው ጠረጴዛ ላይ የሚዛኑ አራት ትንንሽ እግሮች ያተሙት ምልክት አለ። ሚዛኑ የለም። የሚመዝንበትም ሰው የለም።