የዕለቱ ቃል፦ ሪሊንኩዊሽ

መምህሩ ሰጋቱራው ላይ በአፍጢማቸው ተደፍተዋል።

ሰጋቱራው ደሙን መጥጦ መጥጦ ጠርዙ ላይ እንደ ቅርፊት ደርቋል። ጠዋት የእንጨት ሥራ ቤቱን በር የከፈተችው ሶፋ ሰፊዋ የፈሰሰ ቀለም መስሏት «የማን ዝርክርክ ነው?» ልትል አፏን ከፍታ ነበር። እንደከፈተችው ቀረች።

መርማሪዋ ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለች። ማጅራታቸው ወደ ውስጥ ገብቷል። ያ አንዱ ምት ብቻውን ይበቃ ነበር።

ሲገለብጧቸው ፎቶ አንሺው ፊቱን አዞረ። አፍ የሚባል ነገር አልቀረም። ገዳዩ ከወደቁ በኋላ ገልብጦ አፋቸውን ብቻ ለይቶ ቀጥቅጦታል። አፍንጫቸው ደህና ነው። መነጽራቸው እንኳ አልተሰበረም። ጥርሶቻቸው ከሰጋቱራው ጋር ተቀላቅለዋል። ከዚያ ያደረገውን ማየት እንደጠላ ሰው መልሶ ደፍቷቸዋል።

መዶሻው እዚያው ተጥሏል። እጀታው ላይ በጋለ ምስማር የተተኮሰ ስም አለ፦ ቋያ።

«ይኸው፣» አለ ባልደረባዋ ከኋላ። «ፊርማውን ትቶልናል።»

ባልደረባዋን ጣቢያው ውስጥ «አስፈራሚው» ነው የሚሉት። እሱ እጅ የገባ ተጠርጣሪ የእምነት ቃል ሳይፈርም አያድርም። ቡጢው ይቀድማል፣ ብዕሩ ይከተላል።

መርማሪዋ የሟቹን ቀኝ እጅ እያየች ነበር። ጠመኔ እንደጨበጠ ደርቋል። ቀና አለች።

ግድግዳው ላይ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሰሌዳ መሆኑ ነው እንጂ በር ነው፤ በጎኑ ተጋድሞ ጥቁር የተቀባ አሮጌ በር። የማጠፊያዎቹ ቦታ እንኳ ያስታውቃል። መሃሉ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል በትልልቁ ተጽፏል። ከሥሩ ሌላ መስመር ተጀምሮ፣ ጠመኔው ወደታች ተንሸራትቶ ቆሟል። ከላይኛው ቃልም ጥቂት ፊደላት ተቆራርጠዋል፤ እንጨቱ እዚያ ጋ ስለተቧጨረ ጠመኔው ዘሎታል።

«ምን ይላል?» አለች። የእሷ እንግሊዝኛ የመድኃኒት ማሸጊያ ከማንበብ አያልፍም።

«ሪሊንኩዊሽ፣» አለች ሶፋ ሰፊዋ፣ በሩ ላይ ቆማ አፍንጫዋን እየጠረገች። «መልቀቅ ማለት ነው። ግን ተራው መልቀቅ አይደለም። የኔ ብለሽ የጨበጥሽውን፣ አንጀትሽ እያረረ ስትለቂ ነው። ‘ካባ የለበሰ መልቀቅ’ ይሉን ነበር ነፍሳቸውን ይማረውና።»

ጉዳዩ እንዲህ ነው። የሥራ ቤቱ ባለቤት የውጭ አገር ደንበኞች ሲበዙበት ሠራተኞቹ ሁለት ቃል ይተንፍሱ ብሎ ጡረታ የወጡ መምህር ቀጠረ። ሠራተኞቹ «ዲክሽነሪ» አሏቸው። ከሥራ በኋላ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ባልተጨረሱ ቁም ሣጥኖች መካከል አራት ሰው ይቀመጣል፦ አናጺው፣ ሶፋ ሰፊዋ፣ ሹፌሩና ቀለም ቀቢው። ትናንትም ተቀምጠው ነበር።

አናጺው ቋያ ይባላል። ስሙን ያወጣለት እንደ ሰደድ እሳት የሚንቦገቦገው ጠባዩ ነው።

እኩለ ቀን ሳይሆን ጣቢያ ደረሰ፤ የግራ ዓይኑም አብጦ ተዘጋ።

«መዶሻው ያንተ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ትናንት መምህሩን ምን አልካቸው?»

«ምላስህን በምስማር እመታዋለሁ አልኳቸው።»

«ለምን?»

«ስለ አባቴ ስናገር ተሳቀብኝ።»

«እሳቸው ሳቁ?»

ቋያ ከከንፈሩ ደም ጠረገ። «እሳቸውስ አልሳቁም። ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ነበር። የኔ ንዴት ግን አድራሻ አይለይም።»

«ገደልካቸው?»

«እህቴ፣ እኔ ስናደድ ፊት ለፊት ነው የምናደደው። ይቺን ዓይኔን ያጠፋውን ጠይቂው። እጄ ታስሮ እንኳ በቴስታ ብየዋለሁ።»

አስፈራሚው ግንባሩ ላይ ያበጠውን ነካ ነካ አደረገ።

መርማሪዋ ወደ ኮሪደሩ ጠራችው። «ሰውዬው ጠመኔ ይዘው፣ ሰሌዳው ላይ እየጻፉ ነው ከኋላ የተመቱት። ምላስህን እመታለሁ ላለ ሰው ጀርባህን ሰጥተህ ትጽፍለታለህ?»

«እኔ አስተማሪ አይደለሁም።»

«እሱማ ያስታውቃል።»

«ስሚ ሳጅን፣» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። በማዕረግ ይበልጣታል፣ ይህንንም አይረሳም። «መዶሻው አለ፣ ዛቻው አለ። እስከ ማታ ይፈርማል። ከፈረመ ገመድ ነው የሚጠብቀው። የምታመጪው ካለሽ እስከዚያ አምጪ።»

በሩ ተዘጋ። ከውስጥ ወንበር ሲወድቅ ተሰማ። ቀጥሎ የሰው ድምፅ፣ ቀጥሎ ጸጥታ። ጸጥታው ከሁሉ ባሰ።

በር ላይ የቋያ እናት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ተቀምጣለች።

መርማሪዋ ወደ ሥራ ቤቱ ተመለሰች።

መጀመሪያ ሹፌሩን ያዘች። ከትምህርት በኋላ በቀጥታ ቤቴ ገባሁ ብሏል። የሸሚዙ እጅጌ ላይ ግን ደም አለ።

«የማን ነው?»

«የኔ።»

«ከየት የመጣ?»

«ከ... ከአፍንጫዬ።»

«አፍንጫህ ክርንህ ላይ ነው?»

ሰውዬው የተጠቀለለ አውራ ጣቱን ፈታና አሳያት፤ ጥፍሩ ጠቁሮ ተነቅሏል። «በድርጅቱ መኪና የሰው ዕቃ ሳመላልስ ነበር። ፍሪጅ ወደቀብኝ። ባለፍሪጁን አመጣልሻለሁ። ብቻ እባክሽ ለአሠሪያችን ለጋሼ እንዳትነግሪብኝ።»

ሰው ሞቶ እሱ ለሥራው ይፈራል። ባለፍሪጁ ተጠራ፣ መጣ፣ ማለ። ፍሪጁም ተሰብሯል።

ቀረ ቀለም ቀቢው። «ቅቤ» ይሉታል፤ ድምፁ ለስላሳ፣ እጁ ለስላሳ፣ ጠቡን ማንም አይቶ አያውቅም። ጥግ ላይ አንድ ቁም ሣጥን ቫርኒሽ እየቀባ ነበር።

«እኔ ከሁሉም ቀድሜ ነው የወጣሁት፣ እህቴ።»

«ቤት ስትገባ ያየህ አለ? ሚስትህ?»

ብሩሹ ለአፍታ ቆመ። «ሚስቴ ውጭ አገር ናት። ከሄደች ዓመት ሊሆናት ነው።»

«ምስኪን፣» አለች ሶፋ ሰፊዋ። «ሳህኑን እንኳ ራሱ ነው የሚያጥበው። እኔ ባሌን ‘ከእሱ ተማር’ እለዋለሁ።»

መርማሪዋ አንድ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። እጇ ላይ የቀረ ነገር የለም። «ትናንት ምን ተማራችሁ? ከመጀመሪያው ጀምሩልኝ።»

«የዲክሽነሪ ሕግ አንድ ነው፣» አለች ሶፋ ሰፊዋ። «ቃሉን ይሰጡናል፣ እያንዳንዳችን በዓረፍተ ነገር እናስገባዋለን። ዓረፍተ ነገሩ ከገዛ ኑሮሽ መሆን አለበት። ‘ያልኖራችሁትን አትንገሩኝ፣ ምላስ ውሸትን ይረሳል’ ይሉናል። ከዚያ አንዱ ያለውን ሁላችንም ተቀብለን ሦስት ጊዜ እንላለን። እንደ መዝሙር። አገባን አልገባን፣ ምላሳችን ይዞት ይቀራል።»

«እስቲ አሁን በሉት።»

«ሰው ሞቶ?»

«ሌላ ሰው እንዳይጨመር።»

ሦስቱ ተያዩ። ከዚያ እንደለመዱት ከሰሌዳው ፊት ተደረደሩ። ሶፋ ሰፊዋ ጀመረች፦ ባሌ ሪሞቱን ሪሊንኩዊሽ አያደርግም። ወንዶቹ በእንግሊዝኛው ተቀበሏት። ሹፌሩ ቀጠለ፦ ትራፊኩ መንጃ ፈቃዴን ሪሊንኩዊሽ አላደረገም። ይህንንም ተቀበሉት።

ተራው የቀለም ቀቢው ሆነ።

«ሲጋራዬን ሪሊንኩዊሽ አደረግሁ፣» አለ።

ማንም አልተቀበለውም።

«አንተ ደግሞ፣» አለ ሹፌሩ። «ሲጋራ መቼ አጭሰህ ታውቃለህ? ያንተ እሱ አይደለም።»

«እሱ ነው።»

«ኧረ አይደለም፣» አለች ሶፋ ሰፊዋ። ትክክለኛ ነገር ሲበላሽባት አትወድም። «ያንተማ እንዲህ ነው፦ ማይ ዋይፍ ዲድ ኖት ሪሊንኩዊሽ ዘ ዶር። አይ ኦፕንድ ሀር ፊንገርስ ዋን ባይ ዋን።» ሹፌሩም ከመሃል ገብቶ አብሯት ጨረሰው።

«ምን ማለት ነው?» አለች መርማሪዋ።

«ቆይ... ማይ ዋይፍ፣ ሚስቴ። በሩን አልለቀቀችም። እኔ ከፈትኩ...» ሶፋ ሰፊዋ የገዛ እጇን አየች። «ጣቶቿን። አንድ በአንድ።»

ብሩሹ መሬት ወደቀ።

«ትናንት ስትሉት አልገባችሁም?»

«ሁላችንም ሪሊንኩዊሽ የምትለዋን እንዳንስት ነበር የምንጠብቀው፣» አለች። «መምህሩ ግን ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ ቋያ አባቱ ስለገረፈበት ቀበቶ ሲናገር እንኳ አልሰሙትም። እኛም ቀበቶ ሲል ሱሪው የወረደ መስሎን ሳቅን።»

ከባዱን ቃል ሲጠብቁ ቀላሎቹ አልፈው ሄደዋል።

መርማሪዋ ተነስታ ሰሌዳው ጋ ደረሰች። ጠመኔው የዘለለበትን ቦታ በጣቷ ዳሰሰች። አራት ቦይ። ጎን ለጎን፣ ወደ አንድ አቅጣጫ። አራት ጣቶቿን አስገባችባቸው። ልክ ነበሩ።

«ይህን በር ማን አመጣው?»

ቀለም ቀቢው የወረወረው የአኳራጅ፣ የቀለም ማቅጠኛ፣ ቆርቆሮ መልስ ሆኖ መጣ። ፊቷ ላይ ፈሰሰ፤ ዓይኗ ነደደ፤ ዓለም ጠፋባት። የእግሩን ኮቴ ስትሰማ ክንዷን ጋረደች። ከጠረጴዛው ያነሳው መሮ ክንዷን ከአንጓዋ እስከ ክርኗ ተለተለው። ያ ለስላሳ ድምፅ አሁን እንደ ውሻ ያጉረመርማል። ጉሮሮዋን አገኘው። ወደ ሰሌዳው ደፈቃት። መሮው ለሁለተኛ ጊዜ ሲነሳ የሆነ ነገር «ጓ» አለ፤ ሶፋ ሰፊዋ የሶፋ እግር በሁለት እጇ ጨብጣ ጉልበቱን ብላዋለች። ደገመችው። አጥንት ሲሰበር እንጨት ከሚሰበረው ብዙም አይለይም።

እየተሳበ የሥራ ቤቱን በር መቃን ያዘ። ሹፌሩ እግሩን ይዞ ጎተተው፤ አለቀቀም።

መርማሪዋ በደም በሚያዳልጥ እጇ ጣቶቹን ከመቃኑ አላቀቀች። አንድ በአንድ። ካቴናውን ስታስገባለት የሚያለቅሰው እሱ ነበር።

ሰሌዳ የሆነው በር ወርዶ ጥቁሩ ቀለም ተፋቀ። ከሥሩ የተፈጋፈገ አሮጌ ቡናማ ቫርኒሽ፣ ከቫርኒሹም አልፎ እንጨቱ ድረስ የዘለቀ አራት የጥፍር ቦይ። አንደኛው ውስጥ፣ በቀለም ታሽጎ፣ ቀይ ቀለም ያለው የጥፍር ስባሪ ተገኘ።

«‘እህቴ ጋ ልሄድ ነው’ አለች፣» አለ ቀለም ቀቢው፣ እግሩ በጣውላ ታስሮ። «ሻንጣ አንስታ። ማን ሊያበስልልኝ? ሰው ሊስቅብኝ? ጎተትኳት። በሩን ያዘች። ውስጥ ስመልሳት በጣም ትጮህ ነበር። እንዲበቃት አደረግሁ።»

«የት ናት?»

«ጓሮ። ሲሚንቶው ሥር።»

«በሩንስ ለምን አላቃጠልከውም?»

ሞኝ እንዳየ ሰው አያት። «እንጨት እኮ ነው። ደረቅ፣ ደህና እንጨት። በብርጭቆ ወረቀት ደጋግሜ ፈገፈግኩት፣ አልጠፋም። መምህሩ ሰሌዳ ሲፈልጉ ጥቁር ቀባሁና ሰጠኋቸው።»

«ዓረፍተ ነገሩንስ ለምን ካፍህ አወጣኸው?»

«በየቀኑ እዚያ በር ፊት እቀመጣለሁ። እውነት ብቻ ተናገሩ ይላሉ። ሌላ እውነት አልመጣልኝም። ደግሞ በእንግሊዝኛ ስትይው የሰው ነገር ይመስላል። የፊልም። አብረውኝ ሲያዜሙት ደግሞ ቀለለኝ፣ ማርያምን። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከኔ አልነቀሉም። ተመልሼ ‘ቀልዴን ነው፣ ሌላ ዓረፍተ ነገር ይጻፉልኝ’ አልኳቸው። ጠመኔውን አንስተው እየጻፉ፣ ሳይዞሩ፣ ‘ሚስትህ የት ናት?’ አሉኝ። የቋያ መዶሻ ጠረጴዛው ላይ ነበር። የቋያን ዛቻ ሁሉም ሰምቷል።»

አስፈራሚው ይህን ሲሰማ ብዕሩን ኪሱ ከተተ። ወረቀቱ ላይ የቋያ ስም ተጽፏል፤ ከስሙ አጠገብ ያለው ግን ፊርማ አይደለም፣ የደም ጠብታ ነው። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ተሰብረው እንኳ አልፈረመም።

ቋያ ሲወጣ እናቱ ነጠላዋን አወረደችና ክንዱን ያዘች። መርማሪዋ የታሰረ ክንዷን አቅፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሶፋ ሰፊዋም አብራት ነበረች።

«ማን ነው የገደላቸው?» አለ ቋያ በአንድ ዓይኑ እያየ።

ሶፋ ሰፊዋ ነገረችው። በሩን፣ ጥፍሩን፣ ሲሚንቶውን። ዓረፍተ ነገሩን ግን በአማርኛ ነገረችው።

ቋያ የሚናደድ መስሏቸው ሁለቱም ጠበቁ። አልተናደደም። በረንዳው ደረጃ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ፣ የተሰበሩ ጣቶቹን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ።

«እኔም ብየዋለሁ፣» አለ። «ከሁላችሁም ጮክ ብዬ። ሦስት ጊዜ።»