ማንም የማይጥለው ካርታ

ሰዓት ሠሪው የሞተው በእጁ ሁለት ንጉሥ እንደያዘ ነው። በግንባሩ ክብ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል። ከፊቱ ፖከር ተጫዋቾች ሁሉ በየእጃቸው ካለው ሁለት ካርታ ጋር የሚያዛምዷቸው አምስቱ የጋራ ካርታዎች ተገልጠዋል፤ ሁለት ዘጠኝ፣ አንድ ንጉሥ፣ አንድ ንግሥት፣ አንድ አራት። የውሃ ብርጭቆው ባዶ ነው። ጓዳ ውስጥ ትናንት የተገዛው፣ ሲበዛ የሚገድለው የልብ ጠብታ ጠርሙስም ባዶውን ተገኝቷል።

መርማሪዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ለጡረታ አራት ወር ቀርቷታል። ጉልበቷ ደረጃ ፈርቷል፣ በቤተሰቡ የተገደለ ሰው ሬሳም አንገሽግሿታል። አለቃዋ በስልክ፣ «ውሃውን የሰጠችው ልጁ አይደለች? ይዘሻት ነይ እንጂ!» ብሏታል። ልጅቷ በሩ ጥግ ቆማ ጣቶቿን ታፍተለትላለች።

«መቼ ቀዳሽው?»

«የመጨረሻው ዙር ሲታደል። አባዬ ጨዋታ መሀል ሰው ሲገባበት አይወድም፤ ጓዳ አስቀምጬው በረንዳ ላይ ልብስ ሳሰጣ ቆየሁ። ሲጣራ አንስቼ ሰጠሁት።»

እንግዲህ ዙሩ ሲካሄድ ጓዳ የገባ ሰው አለ። ሦስቱ ተጫዋቾች ግን ከወንበራችን ንቅንቅ አላልንም ባዮች ናቸው።

«ሁለትና ሰባት ደረሰኝ፣ ወዲያው ጣልኩ» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ከዚያ ስልኬን ሳገላብጥ ነበር።»

«እኔ ንግሥትና ጃክ ይዤ እስከ መጨረሻው ቆይቻለሁ» አለ መምህሩ። «ከጋራ ካርታዎቹ ተነስቼ ሟቹ ምን ሊይዝ እንደሚችል ስደምር ስቀንስ፣ ቤቱ ቢቃጠልም አልሰማ።»

ሦስተኛው የሟቹ ሚስት ወንድም ነው፤ ልጅቷ ጋሼ የምትለው አጎቷ። «አምስተኛው ካርታ እስኪገለጥ እዚሁ ነበርኩ። የኔ አልገጥም ሲለኝ ጣልኩ» አለ።

እዚህ ቤት ካርታውን የጣለ ሰው በራሱ መተርኮሻ ስር ይሸጉጠዋል። ዙሩ ሲያልቅ እየገለጡ «ብቆይ ኖሮ!» እያሉ ይንጨረጨራሉ። ዛሬ ሞት ቀደማቸውና ማንም አልገለጠም።

መርማሪዋ ሁሉንም በየቦታቸው አስቀመጠቻቸው፤ ልጅቷንም ጠራቻት።

«እናንተ የሰው እጅ የምታነቡት ከጋራው ካርታ ነው። እኔም በናንተው ዘዴ ልሥራ።» የመጀመሪያውን መተርኮሻ አነሳች። «ሁለትና ሰባት። በዚህ ማንም አይቆይም፤ እውነቱን ነው።» የመምህሩን ከፊቱ ገለጠች። «ንግሥትና ጃክ። መሀል ላይ ንግሥት አለች፣ ዘጠኙም ጥንድ ነው፤ ሁለት ጥንድ ያለው ሰው ይሟገታል። ይሄም እውነት።»

ሦስተኛውን አነሳች። ሁለት ዘጠኝ።

መምህሩ ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ። «አራት ዘጠኝ! ይሄ እኮ የሟቹንም ይበላል!»

«አምስቱንም አይቶ ይህን የሚጥል አለ?» አለች መርማሪዋ።

«እብድም አይጥለው» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«እንግዲያው አላያቸውም፤ የራሱንም የጋራውንም። እንደታደለ ሸጉጦ ጓዳ ገባ፣ ጠብታውን ውሃው ላይ ገለበጠ። አንዱ ስልኩ ላይ ተደፍቷል፣ ሁለቱ እርስ በርስ ተፋጠዋል። ሲመለስ ካርታው ተገልጦ አገኘው፤ መተርኮሻው ስር ምን እንዳለ ግን አያውቅም።» ወደ አጎትየው ዞረች። «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የርስዎ ግን አንድ ቀንም አላደረ።»

ሰውየው እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «እህቴ ሦስት ቀን ሙሉ ስታቃስት እሱ እዚች ወንበር ላይ ፖከር ይጫወት ነበር። ‹ነገ ሐኪም ቤት እንወስዳታለን› ይለኛል። ነገ! እኔም አመንኩት፤ በአራተኛው ቀን ሞተችብኝ።»

ልጅቷ ጠጋ አለች። «ጋሼ፣ ውሃውን የምሰጠው እኔ እንደሆንኩ ታውቅ ነበር።»

ሰውየው የዘረጋውን እጁን ከጠረጴዛው ላይ ሰበሰበ።

«ሊወስዱኝ ሲሉም አጠገቤ ነበርክ። ለእናቴ ብለህ የእናቴን ልጅ አሳልፈህ ሰጠህ።»

ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ፤ ሁለቱ ተጫዋቾችም ባርኔጣቸውን አንስተው ተከተሉ። መርማሪዋ ማስታወሻዋን አጠፈች። አሸንፋለች፤ ግን ሰውነቷ እንደ ድንጋይ ከብዷታል።

«አሁን አባዬን ከማን ጋር ነው የምቀብረው?» አለቻት ልጅቷ።

ለመሄድ ተነስታ የነበረችው መርማሪ ተመልሳ ከልጅቷ ጎን ተቀመጠች።