ለሽመክት የተረጎምኩለት ምክንያት

ሌላው ወንድ ሴት ሲያይ መጀመሪያ የሚወደው ዓይኗን ነው አሉ። ሽመክት የወደደው አፌን ነው።

ለሥራ በመጣሁባት የወደብ ከተማ፣ ካርቲየ 5 ሰፈር ሱቅ ውስጥ የማሳድጋቸውን ልጆች በሆላንድኛ እየተቆጣሁ ነበር። ወላጆቻቸው ሆላንዶች ናቸው። ራስ ዲካ ሰፈር ቤታቸው እየኖርኩ ስሠራ ቋንቋውን ከልጆቹ ለቀምኩት። ከኋላዬ አንድ ረጅም ሹፌር ሳቀ።

«ቁጣ እንዲህ ያምርብሻል? እኔንም ተቆጪኝ እስቲ።»

አፈርኩ። ስልኬን ግን ሰጠሁት።

ከዚያ ወዲህ ዕቃ ሊጭን ወደብ በመጣ ቁጥር፣ በእረፍቴ ቀን ባሕሩ ዳር እንገናኝ ጀመር።

«ሆላንድ የጭነት መኪና ሹፌር ይፈልጋሉ» አለኝ። «የቋንቋ ፈተናውን ካለፍኩ እሄዳለሁ። ከዚያ አንቺን ወስጄ አገባሻለሁ።»

አመንኩት። እሱ በወደብ እንግሊዝኛው ይናገራል፣ እኔ ወደ ሆላንድኛ እመልሳለሁ። ድምፄን በስልኩ ቀድቶ እስከ ጋላፊ ድንበር እየሰማ ይነዳል።

«ፈታኞቹ ምክንያት መጠየቅ ይወዳሉ» ይለኛል።

«አንተ ለክፉውም ለደጉም ቢኮዝ ኦፍ ትላለህ» አልኩት። «እነሱ ግን ምክንያቱ ደግ ያደረገልህ ሰው ሲሆን ዳንክዘይ ይላሉ፣ በእሱ ምክንያት ተሳካልኝ እንደማለት።»

«እሺ... ዳንክዘይ ፀዳል» አለና እጄን ሳመኝ።

አንድ ቀን ደግሞ፣ «ለምን አገራችን መጣህ ካሉኝ፣ የምወዳት ሴት ስላለች በይልኝ» አለ።

«ማናት እሷ?»

«እያወቅሽ...»

በደስታ ተረጎምኩለት።

የልጆቹ ቤተሰብ ወደ አገሩ ሊመለስ ሆነ። እናትየዋ፣ ማዳም፣ እዚያው ራስ ዲካ ሌላ ጥሩ ቤት አገኘችልኝ።

«ላገባ ነው፣ ሰው ቤት አልገባም» አልኳት። ቦታውን ለሌላ ሴት ሰጡት።

ሻንጣ ስናዘጋጅ ስለ ሽመክት ፈተና አጫወትኳት። ማዳም የያዘችውን ልብስ አስቀመጠች።

«ፀዳል፣ ያ ፈተና የሥራ አይደለም። እኛ አገር ወደሚኖር ባል ወይም ሚስት የሚሄድ ሰው ነው የሚፈተነው።»

ሽመክት ሲመጣ ባሕሩ ዳር ጠበቅኩት።

«ሚስት አለችህ?»

አልደነገጠም። «አለችኝ። ወደብ ለሥራ መጥታ ነው የተዋወቅነው። የምትኖረው ሆላንድ ነው።»

«እኔስ?»

«አንቺማ ጥሩ ልጅ ነሽ።»

«ለምን ዋሸኸኝ?»

«እውነቱን ብነግርሽ ታስተምሪኝ ነበር?»

አላስተምረውም ነበር። እሱም ያውቃል።

ከዚያ ስልኩን አወጣ። አፍሮ መስሎኝ ነበር፣ ለካ መቅጃውን ሊከፍት ነው።

«ፈተናዬ ሰኞ ነው። አንዲት ነገር ቀርታኛለች። ቋንቋውን እንዴት ቻልከው ካሉኝ... በራሴ ጥረት ነው፣ እንዴት ይባላል?»

ልሄድ ተነሳሁ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜም እወደው ነበር፣ ምን ላድርግ። በሆላንድኛ ስልኩ ላይ አልኩለት። ደገመው፣ ተሳሳተ። አረምኩት። ሲያስተካክለው፣ «በቃ፣ እሱ ነው» አልኩት።

ፈተናውን አልፎ ሄደ። እኔ ካርቲየ 7 ቢስ ሰፈር አንዲት ክፍል ውስጥ ከሌሎች ሴቶች ጋር ተደርቤ ሥራ እፈልጋለሁ። ሚስቱ ለምን እንደመጣላት ስትጠይቀው፣ የሚመልስላት ያኔ በደስታ በተረጎምኩለት በኔ ቃል ነው።