የገራፊው ፊት

እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲወራ አፌን ከፍቼ የምሰማ ሰው አልነበርኩም፣ እንዲያውም ጥላ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ የሚለኝን ሁሉ «ራትህን በልተህ ነው የተኛኸው?» እያልኩ የማሾፍ ነኝ፣ የመሪጌታ ልጅ ሆኜ ሳድግ የደብተራ ወሬ ጆሮዬ እስኪሞላ ስለሰማሁ ሁሉም ነገር ተረት ተረት ይለኝ ነበር፣ ስለዚህ የምነግራችሁን ሰምታችሁ ይቺ ደግሞ ምን ነካት ብትሉ አልቀየማችሁም። ግን እመኑኝ፣ ሆኗል። ያውም በቀን ነው የሆነው፣ ጎረቤቴ ግቢው ውስጥ በርበሬ እያሰጣች፣ ሬዲዮዋን ከፍታ።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ነበሩ። በጎንደርና በዙሪያዋ ካሉት ደብሮች የሳቸው እጅ ያላረፈበት ጥቂት ነው ይባላል፣ እውነቱን ንገሪን ካላችሁኝ ግን የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ ዓመታት የመሪጌታ እጅ የምትባለው እጅ የእኔ ነበረች፣ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ቀይና ቡናማ መለየት ሲያቅታቸው መጀመሪያ ልብሱን፣ ቀጥሎ እጁን፣ በመጨረሻ ፊቱን ሁሉ እኔ መሣል ጀመርኩ። ይህን ማንም አያውቅም። በእኛ ሥራ ሥዕሉ ቤት ውስጥ በሸራ ላይ ይሣልና ሲያልቅ ተጠቅልሎ ይጫናል፣ እዚያ ሄዶ መቅደሱ ግድግዳ ላይ በኮላ ይለጠፋል፣ ካህናቱ የሚያዩት ያለቀውን ነው፣ አባየ ከግርጌው ስማቸው ተጽፎ በከዘራ እየተመሩ ሄደው ይመረቃሉ፣ እኔ ደግሞ እቤት ብሩሽ አጥባለሁ።

አንድ ቀን ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት እንጃ፣ «አባየ፣ ከእርስዎ ስም ሥር የእኔን በትንሹ ልጻፈው?» አልኳቸው።

«ኧረ ልጄ!» አሉ ደንግጠው። «ዓይኑ ጠፍቶ ልጁ ናት የምትሥልለት ሊሉኝ? ስሞት የፈለግሽውን ትጽፊያለሽ።»

በቃ ይህችው ናት። ሌላ ሰው ቢሰማት ምንም አትመስለውም፣ የእኔ አንጀት ግን እርር አለ፣ እኔን በሠላሳ አራት ዓመቴ ጎረቤት «የመሪጌታ ልጅ» እያለ እንጂ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፣ ያን ዕለት ከድብ ባሕር ወጣ ብሎ ላለ አንድ የገጠር ደብር የጌታችንን ግርፋት እየሣልኩ ነበር። የጎንደርን አሣሣል የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ጻድቅ ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ይሣላል፣ ኃጥእ ግን በጎን ነው፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው፣ ማንበብ የማይችል ገበሬ እንኳ ገና ከበር ሲገባ ማን ከማን ወገን እንደሆነ የሚለየው በዚህ ነው። ከገራፊዎቹ ለአንዱ የአባየን ፊት ሰጠሁት። አፍንጫቸውን፣ ሪዛቸውን፣ ግንባራቸው ላይ ያለችውን ጠባሳ ሳይቀር አሳምሬ፣ በጎን፣ በአንድ ዓይን፣ ጅራፍ አስይዤ።

ሲያልቅ እንደልማዳቸው መጥተው በጣታቸው ዳሰሱት። ጣታቸው እዚያ ፊት ላይ ስትደርስ ቆመች። «ሸጋ ነው» አሉ፣ «ይኸኛው ሰውየ ሕይወት አለው።» ሸራው ተጠቅልሎ ሄደ። አባየ ከዚያ በሁለተኛው ወር ሞቱ፣ ይቅር በሉኝ ሳልላቸው።

አርባቸው ከወጣ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሜ ልሣል ብዬ ተነሣሁ፣ ምን እንደምሣል ሳስብ የራሴ ፊት መጣብኝ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የመላእክትና የሰማዕታት ፊት ስሠራ የራሴን አንድ ቀን እንኳ ሠርቼው አላውቅምና። መስተዋት መስኮቱ አጠገብ አቆምኩ፣ ትንሽ ሸራ ወጠርኩ፣ ፊት ለፊት አየሁና ሣልኩ፣ እኛ ዘንድ ዓይን የሚሣለው መጨረሻ ላይ ነው፣ ሁለቱንም ዓይኖች አስገብቼ በሳምንቱ ጨረስኩ፣ አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ብቻዬን አለቀስኩ።

በማግሥቱ ሳየው የግራ ዓይኔ ጠበብ ብሏል። ቀለሙ ሲደርቅ ነው ብዬ አስተካከልኩት። በሦስተኛው ቀን አፍንጫዬ ወደ ቀኝ ዘመም አለ፣ መስተዋቱ ተንቀሳቅሶ ነው ብዬ ድጋሚ አስተካከልኩ። በአምስተኛው ቀን ጆሮ በቀለ። ጆሮዬን ሻሽ ሸፍኖት ስለነበር አልሣልኩትም፣ እመኑኝ የራሴን ሥራ አውቃለሁ፣ ይኸው ግን ያልሣልኩት ጆሮ ከነጉትቻው ቁጭ ብሏል፣ ግራ ዓይኔ ደግሞ የለም። ሴትዮዋ በጎን ሆናለች።

ሸራውን ቀድጄ ጣልኩትና ሌላ ወጠርኩ። ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛው ላይ ከሥዕል ክፍሉ ወጥቼ ጓዳ ቆሜ ሳለ ድምፅ ሰማሁ፣ ብሩሽ ሲታጠብ የጣሳው ከንፈር ላይ ኳ፣ ኳ፣ ኳ ይደረጋል፣ እኔ የማደርገው ሦስት ጊዜ ነው፣ የሰማሁትም ሦስት ጊዜ ነው። እማየ በር ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ትሞቃለች፣ ከሁለታችን በቀር ቤቱ ውስጥ ሰው የለም። ሮጬ ስገባ ጣሳው ውስጥ ያለው ውኃ ደፍርሶ ይዞራል።

ስልኬን አወጣሁ፣ እስቲ እውነተኛው ፊቴ የቱ ነው ብዬ ራሴን ላነሣ። ስልክ ሰው ሲያይ ፊቱ ላይ የሚያሳርፋት ትንሽ አራት ማዕዘን አለች አይደል፣ እሷ መጣችና ከኋላዬ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የአባየ ፎቶግራፍ ላይ አረፈች፣ እኔ ላይ ግን አልመጣችም፣ ብጠጋም፣ ብርቅም፣ መብራት ባበራም እኔን ፊት አላለችኝም። ስልኩን በፊቱ ደፋሁት። ምን እንዳደረግሁና ለምን እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አላስፈለገኝም።

በዚያው ሰሞን እማየ፣ «ያን የድብ ባሕሩን ሥራ ሳላይ አልሞትም፣ የመጨረሻ ሥራው ነው። ለንግሡ ትወስጅኛለሽ» አለችኝ።

ንግሡ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። አርባ ዓመት አብራቸው የኖረች ሴት ያን ፊት ከበር ሆና ነው የምታውቀው፣ ባሏን ጅራፍ ይዞ፣ ከጌታ ገራፊዎች መሐል፣ ኃጥእ ሆኖ ልታየው ነው፣ ማን እንደሣለው ደግሞ ታውቃለች፣ ከዓለም ሁሉ የእኔን እጅ የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። «መንገዱ አያስተማምንም» አልኳት፣ «ብርዱን አትችይውም» አልኳት፣ እሷ ግን ነጠላዋን አጥባ አስጥታለች። እናቴ ይህን አይታ ከምትሞት እኔ ልሙት ብዬ ተሳልኩ። የቀረኝ አንድ መንገድ ነው፣ ቀድሜ ሄጄ ፊቱን ማቃናት፣ ሁለተኛውን ዓይን ማስገባት።

ከንግሡ ሁለት ቀን ሲቀር ቀለምና ብሩሽ በቦርሳ ይዤ በጧት ተሳፈርኩ፣ ከድብ ባሕር ወርጄ አንድ ሰዓት በእግር ነው፣ ገብሱ ታጭዶ ማሳው ባዶ ነበር፣ ጉሙ ወርዶ አሥር እርምጃ አያሳይም። ከፊቴ ሰው የሚሄድ ይመስለኛል፣ የነጠላ ጫፍ አያለሁ፣ ስፈጥን ይፈጥናል፣ ስቆም ይቆማል፣ የገበያ ሰው ናት ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስደርስ ግን ማንም አልነበረም።

ቁልፍ የሚይዙት ቄሰ ገበዝ ከአጥሩ ሥር ተቀምጠው ነበር። መስቀል ተሳልሜ ቀና ሳልል፣ «እህ፣ ደግሞ መጣሽ?» አሉኝ። «ትናንት ጨርሻለሁ አላልሽኝም?»

«ትናንት?»

«ምነው ልጄ፣ ቀትር ላይ መጥተሽ የአባቴ ሥራ ጉድለት አለበት፣ ላቅናው ብለሽ መሰላል ያስያዝሽኝ! ሴት መሰላል ላይ መውጣቷ ደስ ባይለኝም ለመሪጌታ ብዬ እሽ አልሁ።»

ትናንት ቀትር ላይ እኔ ከእማየ ጋር በር ላይ ተቀምጬ ምስር እለቅም ነበር፣ እናቴ ትሙት። «አባቴ፣ ፊቴን አይተውታል?» አልኳቸው።

«መች አሳየሽኝ!» አሉ። «ስትገቢም በጎን፣ ስትወጭም በጎን፣ ስጠራሽም ያው በጎን። ጥርሷን ያመማት ናት አልሁ። አሁንስ ተሻለሽ?»

ከፈቱልኝ በኋላ እንዴት እንደገባሁ አላስታውስም። አባየ ግድግዳው ላይ ነበሩ። ፊት ለፊት፣ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ተከፍተው፣ ከገራፊዎቹ ወጥተው ከሥዕሉ ግርጌ እጃቸውን ዘርግተው የሚለምኑ ሆነዋል፣ ያሣሣሉ እጅ የእኔ ነው፣ የዓይኑን ብሌን የምጀምርበት፣ የሪዙን ፀጉር የማወጣበት ሁሉ የእኔ ነው። በጣቴ ነካ አደረግሁት፣ ቀለሙ አልደረቀም። እሳቸው በነበሩበት ቦታ ደግሞ ጅራፉን የያዘች ሴት ቆማለች። በጎን። ሻሿ ሸርተት ብሎ ጆሮዋ ከነጉትቻው ይታያል፣ አንድ ዓይን አላት፣ ያቺ ዓይን ደግሞ የእኔ ናት።

ቦርሳዬን ዘርግፌ ቄሰ ገበዙ እግር ሥር ወደቅሁ፣ «አባቴ፣ እሷን ላጥፋት፣ አንድ ሰዓት ብቻ ይስጡኝ፣ ድፍን ቀይ ቀለም አለብሳታለሁ» እያልኩ አለቀስኩ፣ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም፣ በአባየ ቀብርም አላለቀስኩም። ቄሰ ገበዙ ግራ ገባቸው። «ዛሬ ጧት ጸሎት ደርሶበታል» አሉኝ፣ «ጸሎት የደረሰበትን ብሩሽ አይነካውም። ደግሞስ ራስሽ ሥለሽ ራስሽ ታጠፊያለሽ? ሂጅ ልጄ፣ ሐዘን ነው፣ ጠበል ተጠመቂ።» አንሥተው አስወጡኝና ቆለፉት።

ለንግሡ እማየን ይዤያት ሄድኩ፣ ምን አማራጭ ነበረኝ። ሕዝቡ ሳሳ ሲል ደግፌ አስገባኋት። አባየን ስታይ እጄን ለቀቀችና ግድግዳውን ሳመች፣ «ዓይኑ!» አለች፣ «አየሽ፣ ሁለቱም በሩለት! ተመስገን፣ ተመስገን!» ዕድሜዬን ሙሉ እንዲያ ስትደሰት አይቻት አላውቅም። እኔም ይኸው ዳንኩ ብዬ መተንፈስ ስጀምር ወደ ላይ ወደ ገራፊዎቹ ቀና አለች።

«ያች ጅራፍ የያዘችውስ ማን ናት?» አለችኝ።

«አላውቃትም፣ እማየ» አልኩ።

ወደኔ አልዞረችም። «አታውቂያትም» አለች ቀስ ብላ፣ ነጠላዋንም አስተካከለች። ማታ ጎንደር ገባን።

በማግሥቱ ቁርስ አቀረብኩና ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ፣ ጉልበታችን ሊነካካ ጥቂት ቀርቶታል፣ ዓይን ዓይኗን እያየሁ ጠቅልዬ ላጎርሳት እጄን ዘረጋሁ፣ እሷ ግን አፏን አልከፈተችም። «ምነው ልጄ፣ ከትናንት ጀምሮ ፊትሽን አዞርሽብኝ?» አለችኝ። «ወደኔ ዙሪና አጉርሽኝ እንጅ።»

«ይኸው እማየ፣ እያየሁሽ እኮ ነው!» አልኩ።

አልሰማችኝም። እጇን አንሥታ ጉንጬ ላይ አኖረች፣ ሞቃት ነበር እጇ፣ ቀስ አድርጋ ገፋችኝ፣ ወደ ጎን፣ ከእሷ ወደ ግድግዳው፣ አንገቴ እስኪታጠፍ። «እህ፣ እንዲህ ነው እንጅ» አለች። «አሁን አየሁሽ።» እኔ የማየው ግድግዳውን ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ከእናቴ ጋር ስበላ እንደዚያ ሆኜ ነው የምበላው።