የቦቢ ትንፋሽ

እኔ ሆሳዕና ውስጥ እንስሳት የማክም ሰው ነኝ፣ መንፈስ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ የሚለኝን ሁሉ «ሂድና እንቅልፍህን ጨርስ» ብዬ ስሸኝ የኖርኩ፣ ስለዚህ ይህን ስነግራችሁ ብታሾፉብኝ አይከፋኝም።

ጋሽ ኤርሲዶ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከውሻቸው ከቦቢ በቀር ማንም የላቸውም። እሱንም ባጃጅ የኋላ እግሩን ጨፈለቀው፣ ቁስሉ ሸተተ፣ እግሩ ካልተቆረጠ አይተርፍም። «ከማታ ጀምሮ ምንም እንዳይቀምስ፣ ማደንዘዣው ያስመልሰዋል» ብዬ አስጠነቀቅኳቸው፣ «እሺ ልጄ» አሉኝ።

በማግስቱ ከሰዓት በዝናብ ከሚኖሩበት ከፎንቆ ይዘውት መጡ። በጎረቤታችን የበቆሎ ነጋዴ ሚዛን አስመዘንኩትና ማደንዘዣውን በኪሎው ልክ ቀድቼ ጡንቻው ላይ ወጋሁት፣ እመኑኝ፣ አንዲት ጠብታ አላበዛሁም። ዓይኑን እንደከፈተ መደንዘዝ ጀመረ፣ ይህ መድኃኒት ዓይን አያስከድንም፣ እንዳይደርቅበት ቅባት ላደርግለት ስዞር አስመለሰ፣ ያስመለሰው ወደ ሳንባው ገባ። ነጭ ነው፣ ቅቤ ቅቤ ይሸታል።

«ምን አበሉት ጋሼ?»

«እግሩን ሊያጣ ነው እኮ ልጄ፣ በባዶ ሆዱ ላምጣው እንዴ? ጠዋት አታካና ሠራሁለት።»

አታካና፣ ቡላ በቅቤና በወተት፣ ለክቡር እንግዳ የምንሠራውን! ጉሮሮውን ጠረግኩ፣ ደረቱን ደጋግሜ ተጫንኩ፣ ምላሱ ጠቆረ፣ ልቡ ቆመ። «አለፈ ጋሼ» አልኳቸው።

ጎንበስ ብለው አዳመጡና «ይተነፍሳል» አሉ።

ሐዘን ነው ብዬ ማዳመጫዬን ደረቱ ላይ አደረግኩ። የልብ ምት የለም። ትንፋሽ ግን አለ፣ ቀስ ያለ፣ እንቅልፍ የወሰደው ውሻ ትንፋሽ፣ ደረቱ ደግሞ ንቅንቅ አይልም። ማዳመጫውን ከጆሮዬ አወጣሁ፣ አሁንም ይሰማል። ዝናቡ ይሆናል ብዬ መስኮቱን ዘጋሁ፣ ጭራሽ ጎላ። አፍንጫው ላይ መስታወት ያዝኩ፣ ምንም እንፋሎት አልያዘበትም። እየመሸ ሲሄድ ገላው ቀዘቀዘ፣ እግሮቹ ደርቀው ተገተሩ፣ ትንፋሹ ግን እንደዚያው።

«አንተም ትሰማለህ አይደል?» አሉኝ።

«እሰማለሁ።»

«ታዲያ እንዴት አድርጌ ልቅበረው?»

ሞቷል ያልኩት እኔ ነኝ። ፎንቆ ወስደን በእሳቸው ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር ቀበርነው፣ እኔ በአካፋ፣ እሳቸው በእጃቸው እያለቀሱ። አፈሩን ሞልተን ከላይ እስክንረግጠው ድረስ ሁለታችንም እንሰማው ነበር።

አሁንም አንዳንዴ ይደውሉልኛል። «ሞቶ ነበር አይደል ልጄ?» ይላሉ። «አዎ ጋሼ» እላለሁ። ከዚያ ሁለታችንም ስልኩን ሳንዘጋ እናዳምጣለን።