የሰኞው ትኩስ ፈርስ

ኦቦ ቢቂላን ከጉድጓዱ ያወጧቸው በገመድ ጎትተው ነው። አርባ ቤተሰብ ወጥ የሚሠራበትን ጋዝ በእጃቸው ሲያመርቱ የኖሩት ሽማግሌ ፊታቸው ላይ እበትና ፈርስ ተለድፎ፣ አፋቸውም አፍንጫቸውም ተደፍኖ ወጡ። የከበባቸው ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ቀርባ ፊታቸውን የጠረገችላቸው አንዲት የሃያ ዓመት ልጅ ብቻ ነበረች፤ በገዛ ሻርፗ። ፖሊስ እጇን አስሮ የወሰደውም እሷኑ ነው።

ይህ የሆነው ሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ቡራዩ፣ ከገፈርሳ መንገድ ወረድ ብሎ ባለው የኢፋ ጋራ የባዮጋዝ ማኅበር ግቢ ውስጥ ነው። ልጅቷ ላሊሴ ትባላለች። የቴክኒክና ሙያ ተማሪ ነች፤ ለሁለት ወር የተግባር ልምምድ ወደ ማኅበሩ ተልካ፣ አምስት ሳምንት ሙሉ በኦቦ ቢቂላ ሥር እበት ስትበጠብጥ ቆይታለች። ረቡዕ ጠዋት በነፍስ ግድያ ተጠርጥራ ፍርድ ቤት ልትቀርብ ነው። ኢንስፔክተር ድንቅቱ ከሰበታ ተጠርታ ማክሰኞ በማለዳ ስትደርስ የቀራት ያቺው አንድ ቀን ብቻ ነበረች።

ድንቅቱ አጭር፣ ደንደን ያለች፣ ከመናገሯ በፊት ብዙ የምታይ ሴት ነች። ግቢው ውስጥ የተቀበሩ ሁለት ትልልቅ ጉድጓዶች አየች። እበትና ከታረደ ከብት ሆድ የሚወጣ ፈርስ በውኃ ተበጥብጦ ይገባባቸዋል፤ ሲብላላ የሚወጣው ጋዝ በቧንቧ ወደየቤቱ ይሄዳል። ሁለተኛው ጉድጓድ ለጥገና ተራግፎ ነበር። ኦቦ ቢቂላ ስንጥቁን ሊደፍኑ የወረዱት እዚያ ውስጥ ነው። ከመውረዳቸው በፊት እንደ ልማዳቸው ዶሮ በቅርጫት አውርደው አየሩን ፈትነዋል፤ ዶሮዋ በደህና ወጥታ አሁንም ግቢው ውስጥ ትጭራለች። ሐኪሙ ግን ሽማግሌውን የገደላቸው ጋዝ ነው ብሏል። እንግዲህ እሳቸው ከወረዱ በኋላ ሁለቱን ጉድጓዶች የሚያገናኘውን ቫልቭ የከፈተ፣ ቫልቩ ተዘግቶ ስለተገኘም መልሶ የዘጋ ሰው አለ ማለት ነው።

በሩ አጠገብ ያለውን የፈርስ መቀበያ ገንዳም አየች። ታችኛው ቅርፊት ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ዝንብ እንኳ ትቶታል።

የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ አቶ እስራኤል ቢሮው ውስጥ ተቀበላት። ጫማው ያበራል። ክፍሉን በሽቶ ስለሞላው እበቱና ሽቶው ተደባልቀው ከሁለቱም የከፋ ሦስተኛ ሽታ ሠርተዋል።

«ያሳዝናል» አለ፤ ፊቱ ላይ ግን ኀዘን የለም። «ልጅቷ ከጉድጓዱ አፍ እንዳትነቃነቅ ተነግሯት ነበር። ቫልቩ ከቆመችበት ሦስት እርምጃ ነው። ተሰላችታ ነካካችው፤ ደንግጣ ዘጋችው። ሌላ ምን አለው?»

«እሷ ግን ለፖሊስ በሰጠችው ቃል፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ወይዘሮ ብርቅዬ ምግብ ቤት ሄጄ እሳቱን እንዳይ የላከኝ አቶ እስራኤል ነው ትላለች።»

«ፈርታ ነው። እኔ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት በር ላይ ነበርኩ፤ ፈርስ ስረከብ። ይኸው መዝገቡ።»

ድንቅቱ መዝገቡን አነበበች። «ሰኞ፣ 3:30፣ ትኩስ ፈርስ፣ አራት በርሜል፣ ተረካቢ እስራኤል።»

«ሁልጊዜ የሚረከቡት እርስዎ ነዎት?»

«አይ፣ የቢቂላና የልጅቷ ሥራ ነው። ሰኞ ግን እሱ ጉድጓድ ውስጥ ነበር። ሐሙስ ገንዘብ የሚረዱን ትልልቅ እንግዶች ይመጡብናል፤ ሥራው እንዲቆም አልፈለግሁም።» ቀና ብሎ ፈገግ አለ። «ደክሞዎታል መሰል። ከብርቅዬ ቤት ዱለት ላስመጣልዎት?»

«አመሰግናለሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስም።»

«ሽታው ነው አይደል? እኔም መጀመሪያ ሰሞን እንዲሁ ነበርኩ» አለ በማዘን።

ድንቅቱ ወጥታ፣ ጉድጓዱ አጠገብ ካለው ምሰሶ ላይ የሟቹን ኮት አወረደች። ከኪሱ አንድ የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ወጣ። ውስጡ ጠቆር ያለ ፈሳሽ፣ ላዩ ላይ የሣር ቁርጥራጭ ይንሳፈፋል። በተለጠፈው ወረቀት ላይ «የታችኛው ምንጭ፣ እሑድ» ይላል። ክዳኑን ከፍታ አሸተተች። ያላስመለሳት ሆዷ ባዶ ስለነበረ ብቻ ነው።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ኦቦ መገርሳ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጠዋል።

«አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ? ደህና ነሽ፣ ልጄ?»

«ነጋ፣ ደህና ነኝ፣ ኦቦ መገርሳ። ሰኞ ጠዋት የት ነበሩ?»

«ቤተ ክርስቲያን፣ ምህላ ላይ። ቅዳሴው እስኪያልቅ አልወጣሁም፤ ቄሱንም ሕዝቡንም ጠይቂ።»

ጠርሙሱን ዘረጋችላቸው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ።

«ይኼ ምንድን ነው፣ ኦቦ?»

«ሁለተኛው ጉድጓድ መሹለክ ከጀመረ ዓመት አለፈው። ዝቃጩ በአፈሩ ውስጥ አልፎ ምንጩ ውስጥ ይገባል። ቢቂላ ሐሙስ ለእንግዶቹ እናገራለሁ ብሎ ነበር። እስራኤል ደግሞ አፉን ይያዝ አለ።»

«ከምንጩ የሚጠጣ ሰው አለ?»

«አለ። የታች ሰፈር ሰው ሁሉ።»

«አንቱስ?»

«የእኛ ቤት ቧንቧ ገብቶለታል» አሉ ኦቦ መገርሳ።

 ድንቅቱ በሥራዋ ብዙ ሬሳ አይታለች፤ እንደዚህ ያለ መልስ ግን ከሬሳ የበለጠ ያንገሸግሻታል።

ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። ላሊሴ የሰኞውን ልብስ እንደለበሰች ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። አብረዋት የታሰሩት ሴቶች ሸተትሽን ብለው ለብቻዋ ገፍተዋታል።

«ወይዘሮ ብርቅዬ ቤት ስትገቢ ምን ተጥዶ ነበር?» ድንቅቱ የመጀመሪያ ጥያቄዋ ይህ ነበር።

ልጅቷ ግር አላት። «ሽሮ። እንዲያውም ገርሞኝ ነበር። እሷ ቤት ሰኞ ሰኞ ዱለት ነው የሚሠራው። ዛሬ ዱለት የለም እንዴ ስላት ከት ብላ ሳቀችብኝ።»

«ለምን ሳቀች?»

«እኔ እንጃ። ስገባ እሳቱ ደህና ነበር፤ ሰማያዊ። ከዚያ ዓይኔ እያየ ወረደ፣ ቢጫ ሆነ። ቧንቧው ውስጥ ውኃ የተቋጠረ መስሎኝ ማፍሰሻውን ከፍቼ ጠበቅሁ። ትንሽ ቆይቶ እሳቱ ተመለሰ። አስተካከልኩት ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።» ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። «ለካ ያኔ ነው ኦቦ ቢቂላ አየር ያጡት። እኔ ደስ ሲለኝ እሳቸው…»

ድንቅቱ እስክትረጋጋ ጠበቀቻት። «ቤተሰቦችሽ የየትኛው እምነት ናቸው?»

«ጴንጤዎች ነን። ምነው?»

«ምንም። ውኃ ጠጪ።»

የወይዘሮ ብርቅዬ ምግብ ቤት ከማኅበሩ ግቢ መንገዱን ተሻግሮ ነው። ሴትዮዋ ጠረጴዛ እየወለወለች መለሰች፤ ያንኑ ንጹሕ ጠረጴዛ ሦስት ጊዜ ወለወለችው።

«አልመጣችም። ሰኞ ዓይኗንም አላየሁ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እኔ ምን አገባኝና እዋሻለሁ?»

«ጥሩ። ምድጃውን ልይ ብቻ።»

ድስቱ ይንተከተካል፤ እሳቱ ሰማያዊ ነው። ድንቅቱ ስልኳን አውጥታ፣ ባዶው ጉድጓድ አጠገብ ለቆመው ፖሊስ «አሁን» አለችው። ፖሊሱ ከጉድጓዱ አፍ ሰው አርቆ ቫልቩን ከፈተ። እሳቱ ተንቀጠቀጠ፣ ወረደ፣ ቢጫ ሆነ።

«ኤጭ!» አለች ብርቅዬ ማማሰያዋን እየወረወረች። «ደግሞ እንደ ሰኞው ሊያደርገኝ ነው!»

ድንቅቱ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። ፖሊሱን ዝጋው አለችውና ወጣች። ከዚያ ሦስት ቦታ ስልክ ደወለች።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ሁሉንም ጉድጓዱ ዳር ሰበሰበቻቸው። ኦቦ መገርሳ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ብርቅዬ ሽርጧን እንዳሸረጠች መጣች። እስራኤል አፍንጫውን በመሐረብ ይዟል። ላሊሴን እጇ እንደታሰረ አመጧት፤ አንዳቸውም በዓይናቸው ሊያይዋት አልፈለጉም።

«ዶሮዋ በደህና ወጥታለች» ብላ ጀመረች ድንቅቱ። «ስለዚህ ሦስት ሰዓት ላይ ጉድጓዱ ንጹሕ ነበር። ቫልቩ ሲከፈት ደግሞ ጋዙ ወደ ባዶው ጉድጓድ ስለሚሄድ የወይዘሮ ብርቅዬ እሳት ይወርዳል፤ ዛሬ በዓይኔ አይቻለሁ። ጥያቄው አንድ ነው። ሰኞ እሳቱ ሲወርድ ላሊሴ የት ነበረች?»

«እዚሁ ነዋ!» አለ እስራኤል።

«ምድጃው ፊት ነበረች። ሽሮ ተጥዶ እንደነበር፣ ዱለት የለም ወይ ብላ እንደተሳቀባት ነግራኛለች። ሰኞ ሁልጊዜ ዱለት ለሚሠራ ቤት፣ ሊዋሽ የፈለገ ሰው ዱለት ነበር ይላል እንጂ ሽሮ አይልም። ሽሮ የሆነበትን ምክንያት እስከዛሬም አታውቀውም።» ወደ ብርቅዬ ዞረች። «እርስዎ ያውቁታል። ለምን ሳቁባት?»

ብርቅዬ ከንፈሯን ነከሰች። «ነነዌ ስለገባች ነዋ። ሦስት ቀን ማን ሥጋ ይበላል? ለጴንጤ ልጅ ምን ብዬ ላስረዳት… » አለችና አፏን በእጇ ያዘች።

«መጥታ ነበር ማለት ነው።»

ሴትዮዋ ማልቀስ ጀመረች። «እስራኤል ነው! ልጅቷን አይቻለሁ ካልሽ ማኅበሩ ይዘጋል፣ ጋዝሽም ይቆረጣል አለኝ። ልጆቼን የማበላው በዚሁ ምድጃ ነው፣ ምን ላድርግ?»

ላሊሴ ብድግ ብላ አየቻት። በየቀኑ ምድጃዋን ስትጠርግላት የኖረች ልጅ ነች።

«እሺ፣ ሄዳ ነበር እንበል!» አለ እስራኤል። «እኔ በር ላይ ፈርስ ስረከብ ነበር። መዝገብ አለኝ!»

«አለ። ትኩስ ፈርስ፣ አራት በርሜል» አለች ድንቅቱ። «አቶ እስራኤል፣ እኔ ዛሬ ዱለትዎን ያልበላሁት ሽታው አስጠልቶኝ አይደለም። ሰኞ የነነዌ ጾም ገብቷል። ኦቦ መገርሳ ምህላ ላይ ነበሩ፤ ቄሱ መስክረዋል። ፈርስ የሚልክላችሁ ቄራ ደግሞ ጾም ሲገባ ለሚዘጉ ሥጋ ቤቶች ብቻ የሚያርድ ነው፤ ደውዬ ጠይቄያለሁ፣ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ተዘግቷል። ፈርሱን የሚያመጣው ጋሪ ነጂም በቅሎውን ከቤቱ አላወጣም። ገንዳውም ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ያልታረደ በሬ ትኩስ ፈርስ ከየት ያመጣል?»

ወደ ደረቁ ገንዳ በጣቷ አመለከተች።

«ኦቦ ቢቂላ በሕይወት ቢኖሩ ይህን አይሳሳቱም ነበር። እርስዎ ጾም አይጾሙም፣ ፈርስም ነክተው አያውቁም። ሰኞ ሁልጊዜ ይመጣል ብለው ጻፉ። ልጅቷን ላኳት፣ ቫልቩን ከፈቱት፣ ዝም እስኪሉ ጠበቁ፣ ዘጉት። ይህ ጠርሙስ ሐሙስ እንግዶቹ ፊት እንዳይቀርብ።»

ጠርሙሱን አፍንጫው ሥር ከፈተችው። እስራኤል ፊቱን አዞረ፤ ከዚያም አንድ ሰው ሊናገረው ከሚችለው ሁሉ አስጸያፊውን ነገር ተናገረ።

«እንዲሞት አልፈለግሁም። ራሱን ስቶ ሆስፒታል እንዲገባ ነው። እስከ ሐሙስ ብቻ።»

ድንቅቱ የላሊሴን ካቴና ፈትታ እሱ እጅ ላይ አጠለቀችው። ፖሊሶቹ ሲወስዱት በጉድጓዱ ዳር ያለውን እበት እየዘለለ፣ ጫማው እንዳይነካ እየተጠነቀቀ ሄደ።

ላሊሴ የተፈታ እጇን እያሸች ቆመች። ኦቦ መገርሳ ተነሥተው ቀረብ አሏት። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ኢንተላ ኮ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እውነቱ ወጣ። የልምምድ ወረቀትሽን እኔ ራሴ እፈርምልሻለሁ፤ በጣም ጥሩ ብዬ።» ትንሽ አመነቱ። «ቢቂላም የለ። ሥራውን ከሱ ቀጥሎ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ጉድጓዱን ደፍነሽ ጋዙን መቼ ታስተካክዪልናለሽ?»

ብርቅዬም እንባዋን በሽርጧ ጠርጋ መልሱን ለመስማት ጠጋ አለች።

ላሊሴ ሁለቱንም ተራ በተራ አየቻቸው። አልጮኸችም።

«ነገ ፍርድ ቤት ብታስወስዱኝ ኖሮ ማን እንዲያስተካክልላችሁ ነበር ያሰባችሁት?»

 ልጅቷ ጠርሙሱን ከኢንስፔክተሯ እጅ ወሰደች። ማስረጃ ነው ልትላት የነበረችው ድንቅቱ ቃሏን ዋጠች።

«ለታች ሰፈር ሰዎች የነገራቸው አለ?» አለች ላሊሴ።

«የለም» አሉ ኦቦ መገርሳ።

«እንግዲያው ሳይመሽ ልንገራቸው» አለችና ቁልቁለቱን ጀመረችው። ድንቅቱም ከዚያ ግቢ ለመውጣት ቸኩላ ተከተለቻት።